ወይዘሮ ደብሬን ማን ጠየቃት?

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ስሙት። መብረቅ እፈራለሁ፣ መርፌ እፈራለሁ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እፈራለሁ። ቀበሌ "ትፈለጊያለሽ" የሚል ቁራጭ ወረቀት ከላከብኝ፣ ጉዳዩ የዶሮ ክትባት መሆኑን እያወቅሁ እህል አይወርድልኝም። ጎረቤቴ ዘሀራ "አንቺ እኮ ጥላሽ ከፊትሽ ሲሄድ መንገድ የምትለቂ ነሽ" ትለኛለች። አልጣላትም፣ አንድ ቀን ለቅቄ አይታኛለች።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ እንዴት እንዳመሰች ልንገራችሁ። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የወይዘሮ ደብሬ ነው። ወይዘሮ ደብሬ ማን ናት ብትሉኝ፣ ወረቀት ላይ የምትኖር ሴት ናት። ግን የወረቀት ሴት እንዲህ አገር ታምሳለች ብዬ ማን ያምነኛል?

ልጄ ይመኙሻል ያኔ መካነ ሰላም ከተማ ስምንተኛ ክፍል ትማር ነበር። እኛ ከከተማው ወጣ ብለን፣ ከወንዙ ማዶ ነን። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጣችና ደብተሯን መደቡ ላይ ወርውራ ተቀመጠች። እኔ ዱቄት እነፋለሁ።

"ምነው?" አልኳት።

"ምንም።"

የስምንተኛ ክፍል ልጅ "ምንም" ካለች ብዙ ነገር አለ ማለት ነው። ዝም ብዬ መንፋቴን ቀጠልኩ።

"ትምህርት በቃኝ" አለች። "እንደ ፎዚያ ጂዳ እሄዳለሁ። ፓስፖርት የሚያስወጣ ሰው አለ፣ ዕድሜም ይጨምራል።"

ወንፊቱ ከእጄ ወደቀ። ፎዚያ የዘሀራ ልጅ ናት። በደወለች ቁጥር "ደህና ነኝ እማ፣ አብሽሪ" ትላለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ዘሀራ እኔ ቤት ትመጣና "ደህና የሆነ ሰው ድምፁ እንዲህ ነው?" ብላ ትጠይቀኛለች። እኔ ምን አውቃለሁ? ድምፁን አልሰማሁት። የማውቀው የዘሀራን ፊት ነው፣ ያንን ፊት ደግሞ በራሴ ላይ ማየት አልፈልግም።

"ምን አደረጉሽ?" አልኳት። ከደብተሯ መሃል አንድ ወረቀት መዝዛ ሰጠችኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። አነባለሁ፣ ግን ጣቴ ካልመራኝ ዓይኔ አይሄድም። አንድ ዓረፍተ ነገር ስጨርስ የመጀመሪያው ቃል ምን እንደነበር ይጠፋኛል፣ ተመልሼ እሱን አምጥቼ ስመጣ የመጨረሻው አምልጦኛል። ቢሆንም በዚያ ቀን አነበብኩ። ወረቀቱ የአማርኛ ፈተና ነው። ከላይ ምንባብ አለ፣ ልክ እንዲህ ይላል፦

"ወይዘሮ ደብሬ ልጇን አለሚቱን ከትምህርት ቤት አስቀረቻት። አለሚቱ ደብተሯን አቅፋ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። ወይዘሮ ደብሬ ግን ፊቷን አዞረች። ግንብ የሚያክለውን እንስራ አንስታ 'ሂጂ፣ ውሃ ቅጂ' አለቻት።"

ከሥር ጥያቄ ነው። ወይዘሮ ደብሬ ልጇን ያስቀረችው ለምንድን ነው? ሀ. ኋላ ቀር ስለሆነች። ለ. የትምህርትን ጥቅም ስላልተረዳች። ሐ. ለልጇ ስለማታዝን። መ. ሁሉም መልስ ናቸው።

ልጄ አንዱንም አልመረጠችም። ከ"መ" በታች በራሷ እጅ "ሠ. ፈርታ ነው" ብላ ጽፋ፣ የጻፈችውን ራሷ አክብባዋለች። በላዩ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ተሰምሮበታል። ሁለተኛው ጥያቄ "የጸሐፊው ዓላማ ምንድን ነው?" ይላል። ለማስተማር፣ ለማዝናናት፣ ለማሳወቅ የሚሉ ምርጫዎች አሉ። እሷ እዚህም ሌላ ጨምራለች፦ "ለመሳደብ።" ቀይ እስክሪብቶ። ከአስር ሁለት።

"ቲቸር ክፍሉ ፊት አነበበው" አለች። "'ይመኙሻል የራሷን ፈተና አውጥታ የራሷን ፈተና ወድቃለች' አለና ሁሉም ሳቁብኝ።"

ልናገረው ያፈርኩት ነገር አለ፣ ግን ከጀመርኩ አይቀር ልጨርሰው። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ይመኙን አሥራ አንድ ቀን ከትምህርት አስቀርቻታለሁ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። የሰፈራችንን ሰው በሬ ወስዶ፣ በሬው የተገኘው ከታች ድንጋይ ላይ ነው። በሬ የወሰደ ወንዝ የኔን ለጋ ልጅ ምን ያደርጋታል? ደብተሯን ይዛ ስትነሳ "ዛሬ ሥራ አለ" አልኳት። በነጋታውም "ሥራ አለ።" ወንዙን ፈርቼ ነው ብላት ትስቅብኛለች፣ ስለዚህ ሥራ ፈጠርኩ። የተነፋ ዱቄት ደግሜ አስነፋኋት።

ስለዚህ ወረቀቱን ሳነብ ገባኝ። ወይዘሮ ደብሬ እኔ ነኝ። መምህሩ ስሜን ቀይሮ፣ እንስራ አሸክሞ ጽፎብኛል። ልጄ ደግሞ ምክንያቱን ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። ዱቄቱን ደግማ ስትነፋም ታውቅ ነበር። አፍሬም፣ ተናድጄም፣ ደስም ብሎኝ፣ የቱ እንደሚበልጥ ሳላውቅ ነጠላዬን አነሳሁ።

"የት ነው?" አለች ይመኙ።

"ትምህርት ቤት። ጂዳ ከመሄድሽ በፊት እኔ እዚያ እሄዳለሁ።"

እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ጀግና ነበርኩ። በሩ ላይ ዘበኛው ጋሽ ሰይድ ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

"ምን ነበር እቴ?" አሉኝ።

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር በሙሉ ጠፋ። "ፍየል ጠፍታብኝ ነው" አልኩ።

ይህ ቃል ከየት እንደመጣ አትጠይቁኝ። ፍየል የለንም፣ ኖሮንም አያውቅም።

"ምን ዓይነት?" አሉኝ ተጨንቀው። ደግ ሰው ናቸው፣ የገደለኝም ደግነታቸው ነው።

"ጥቁር… ግንባሯ ነጭ… ግራ ጆሮዋ የተቆረጠ።" ዋሽቼ ልገላገል ካሉ በኋላ ጆሮ መቁረጥ ምን ያስፈልጋል? ግን ውሸቴ እንዲታመን ብዬ ቆረጥኩት።

በነጋታው ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ ርዕሰ መምህሩ በድምፅ ማጉያ "የተማሪ ይመኙሻል እናት ፍየል ስለጠፋች ያያችሁ ተባበሩ" ብለው አወጁ። ይመኙ ከክፍል ጓደኞቿ መሃል ቆማ ሰማች። ማታ ቤት ስትመጣ አላናገረችኝም። "የትኛዋ ፍየላችን?" እንኳን አላለችም።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች በገመድ የታሰረች ፍየል ይዘው ደጃፌ ላይ ቆሙ። ጥቁር፣ ግንባሯ ነጭ፣ ግራ ጆሮዋ የተቆረጠ።

"አጃኢብ ነው!" አለች ዘሀራ። "በአፍሽ ወለድሻት!"

የሰው ፍየል ናት። ይዤ ባድር ሌባ ነኝ፣ "አይደለችም" ብል ምልክቱ ልክ ነው። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው። ፍየሏን እየጎተትኩ፣ እሷ ወደ ኋላ እኔን እየጎተተች፣ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ደረስኩ።

"ጋሽ ሰይድ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይቺ የእኔ አይደለችም። ፍየል የለኝም። ያን ቀን የመጣሁት ስለ ወይዘሮ ደብሬ ነው።"

ጋሽ ሰይድ ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። "ያረቢ! እሷስ ከጠፋች ስንት ቀኗ ነው?"

ፍየሏን ባለቤቷ እስኪገኝ ለጋሽ ሰይድ ትቼ፣ እንደዚህ ሆኜ ነው እንግዲህ የአማርኛ መምህሩ አራጋው ፊት የቀረብኩት። ወጣት ነው፣ ነጭ ጋዋኑ ኪስ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ሰክቷል። ፈሪ ሰው ሲፈራም አፉ ሥራውን እንደማያቆም ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

"መምህር፣ ወይዘሮ ደብሬ እኔ ነኝ" አልኩት።

"ይቅርታ እናቴ?"

"ያስቀረኋት ወንዙን ፈርቼ ነው። ኋላ ቀር ስለሆንኩ አይደለም። ልጄ ትክክለኛውን መልስ ጽፋለች፣ እርስዎ ሰርዘውባታል።"

መምህሩ ሳቁን ዋጥ አደረገና በትዕግሥት አስረዳኝ። "እናቴ፣ ወይዘሮ ደብሬ ገጸ ባሕርይ ናት። የፈጠራ ሰው ናት። እርስዎን አላውቅዎትም ነበር፣ አሁን ነው የማይዎት።"

"ብትፈጠርም እናት ናት።"

"ልክ ነው፣ ግን መልሱ በምንባቡ መሠረት ነው የሚሰጠው።"

"ምንባቡን ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

"መልሱንስ?"

"እሱንም… እኔ።"

"ከሳሹም እርስዎ፣ ዳኛውም እርስዎ! ፊቷን አዞረች ይላል። ስታዞር ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር አይተዋል?"

መምህሩ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። "ቅዳሜ የወላጅና የመምህራን ስብሰባ አለ" አለ። "ቅሬታዎን እዚያ ያቅርቡ።"

ስብሰባ! ከመብረቅ ቀጥሎ የምፈራው እሱን ነው። በዚያ ዘመን ስብሰባ የሚባል ነገር በሙሉ መጨረሻው ግምገማ ነው። ሂስና ግለ ሂስ ሳይደረግ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም። አንዴ ስለ መጸዳጃ ቤት ቁፋሮ ተሰብስበን፣ ጉድጓዱ ሳይቆፈር ቆፋሪው ተገምግሞ ተለያይተናል። አልሄድም ብዬ ወስኜ ነበር። ግን አርብ ዕለት ይመኙ "ሰውየው ለፓስፖርቱ ፎቶ አምጪ አለኝ" አለች። ሄድኩ።

ወሬው ለካ ቀድሞኝ ደርሷል። የወላጅ ስብሰባ ረግጠው የማያውቁ እናቶች አዳራሹን ሞልተውታል። ሰብሳቢው "ዛሬ ምን ተገኘ?" ብሎ ግራ ገባው። አጀንዳው ሳይያዝ አንዲት ሴት ከኋላ ተነሳች።

"ወይዘሮ ደብሬ እኔ ነኝ። 'ሂጂ፣ ውሃ ቅጂ' የሚለው የኔ ቃል ነው። ማን እንዳወራብኝ ይነገረኝ!"

"ቁጭ በይ" አለች ሌላዋ። "አንቺ ልጅሽን ያስቀረሽው ለሠርግ ነው። ለአጨዳ ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ደብሬ።"

"እኔ ስታመም አስቀርቻታለሁ! ታምሜ እንኳን ይጻፍብኝ?"

አንድ አባት ከጥግ ተነስቶ "ሁላችሁም ተቀመጡ፣ ወይዘሮ ደብሬ የእኔ ሚስት ናት፣ አመሏን አውቀዋለሁ" አለ። ሚስቱ አጠገቡ ነበረች። ቀሪውን ስብሰባ ሰውየው ቆሞ ነው የተከታተለው፣ መቀመጫው ላይ ነጠላዋን ዘርግታበት።

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ። "ሥነ ሥርዓት! የወይዘሮ ደብሬነት ጥያቄ ያላችሁ በየተራ እጅ እያወጣችሁ አስመዝግቡ!" ጸሐፊው መዘገበ። ሰባት ወይዘሮ ደብሬ ሆንን።

መምህር አራጋው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። "ማንንም አላሰብኩም። የፈጠራ ጽሑፍ ነው። ዓላማዬም ማስተማር ነው" ይላል። ማን ሊሰማው! ሰባት ሴት በአንድ ላይ እየተናገረ "ዓላማዬ" የሚል ቃል የት ይደርሳል?

ዘሀራ እስከዚህ ድረስ ዝም ብላ ነበር። ፊደል አታውቅም፣ የመጣችው እኔ እንዳልወድቅ ክንዴን ለመያዝ ነው። ድንገት ክንዴን ለቀቀችና ተነሳች።

"እስቲ ያንን ወረቀት አንብቡልኝ። ሁላችሁ 'እኔ ነኝ' ትላላችሁ፣ እኔ አልሰማሁትም።"

ይመኙ ተነስታ አነበበችላት። ድምፅዋ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ "ፊቷን አዞረች" የሚለው ላይ ስትደርስ ጸና።

"ድገሚልኝ፣ ማሬ" አለች ዘሀራ። "እንስራው ላይ።"

"ግንብ የሚያክለውን እንስራ አንስታ…"

ዘሀራ ወደ ሴቶቹ ዞረች። "ወላሂ፣ ከመካከላችሁ በእንስራ ውሃ የምትቀዳ ማን ናት? ጀሪካን አይደለም ወይ የምንሸከመው? ሁላችንም ቢጫ ጀሪካን!"

ሰባቱም ወይዘሮ ደብሬዎች ተያየን።

"ይቺ ሴትዮ የዛሬ አይደለችም፣ የድሮ ናት" አለች ዘሀራ። "ደግሞ እንስራ ለትልቅ ሰው ግንብ አያክልም። ይህንን የጻፈው ሰው ሲያያት ከታች ነበር። ትንሽ ልጅ ነበር። መምህር፣ ይቺ የማን እናት ናት?"

መምህር አራጋው ላቡን መጥረግ ተወ።

"የኔ" አለ።

ሰብሳቢው "መዝግብ" አለና ጸሐፊውን አየ። ጸሐፊው ግን እስክሪብቶውን አስቀምጧል።

"ኩታበር ነው ያደግሁት" አለ መምህሩ። "ከኔ በላይ እህት ነበረችኝ። ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ። አንድ ቀን እናቴ አስቀረቻት። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። እኔ ተማርኩ፣ እሷ ቀረች። ይኸው ነው።"

እኔ በእርስዎ ጀምሬ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን መምህርነቱ ጠፋኝ፣ ያየሁት ደብተር ያቀፈች እህቱን ቆሞ የሚያይ ልጅ ብቻ ነው።

"ልጄ" አልኩት፣ "እናትህ አለች?"

"አለች።"

"ለምን እንዳስቀረቻት ጠይቀሃታል?"

"አልጠየቅኋትም።"

"ታዲያ መልሱን ከየት አመጣኸው?"

ሰብሳቢው ዝምታ አይወድም፣ "እንግዲህ መምህሩ ግለ ሂስ ያድርግና እንዝጋ" አለ።

"ግለ ሂስ አያስፈልግም!" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ቆሜ። "ሂሱን እናቱ ዘንድ ያድርገው። ይሂድና ይጠይቃት። ልጄን በእሱ ቂም ጥላችሁ ጂዳ አትልኩብኝም!"

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሳ። "መምህር አራጋው እናቱን እንዲጠይቅ ተወሰነ" ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። በአንድ ድምፀ ተአቅቦ። እሱም ያ የቆመው ባል ነው።

መምህሩ በቀጣዩ ቅዳሜ በአውቶቡስ ደሴ፣ ከደሴ ኩታበር ሄደ። ሰኞ ከትምህርት በኋላ ይመኙን ተከትሎ ቤታችን መጣ። ሳየው ያው ልማዴ ሆኖ የምደበቅበት ፈለግኩ፣ ግን ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መደቡ ላይ ተቀመጠ። ያቀረብኩለትን ቆሎ በእጁ ይዞ አልበላም።

"ጠየቅኋት" አለ። "አልቅሳ ነገረችኝ። የእህቴ ቀሚስ ከኋላ ተቀዶ ነበር አለች። አንድ ቀሚስ ነበራት። 'መርፌ ነበረኝ፣ ክር አልነበረኝም፣ ልጄን ሰው ፊት እንደዚያ እንዴት ልስደዳት?' አለች። ክር እስኪገኝ ብላ ነው ያስቀረቻት። ክሩ እስኪገኝ እህቴ አኩርፋ 'አልመለስም' አለች። በቃ። እኔ ሃያ ዓመት ኋላ ቀር እያልኳት…"

አልጨረሰውም። እኔም እንዲጨርስ አልገፋፋሁትም።

ከዚያ ወደ ይመኙ ዞረ። "ጥያቄውን ሰርዣለሁ። ለሁሉም ተማሪ። 'ሀ' ስህተት ነው፣ 'ለ' ስህተት ነው፣ 'ሐ'ም፣ 'መ'ም። ግን ይመኙ፣ ያንቺም 'ፈርታ ነው' ትክክል አልነበረም። አፍራ ነው።"

እኔ ጉዳዩ አለቀ ብዬ እፎይ አልኩ። ልጁ ይቅርታ ጠይቋል፣ ቆሎውን ይበላና ይሄዳል።

ይመኙ ግን ከመደቡ ተነሳች። "ትክክል ነኝ" አለች።

"ይመኙ!" አልኳት።

"ትክክል ነኝ፣ ቲቸር። ማፈር ብቻ ከሆነ ለምን አልነገረቻትም? 'ቀሚስሽ ተቀዷል፣ ክር የለኝም' ብትላት ኖሮ እህትህ ትረዳት ነበር። ክር የለኝም ብላ ለልጇ መንገር ፈርታ ነው። እናትህ የነገረችህን እንዳለ አመንክ፣ ያልነገረችህን አልፈለግህም።"

መምህር አራጋው ከጋዋኑ ኪስ የፈተናውን ወረቀት አወጣና እንደገና አየው። "በምንባቡ ላይ ለዚህ ማስረጃ አለሽ?"

"አለኝ። ፊቷን አዞረች ይላል። ያፈረ ሰው ራሱን ይደፋል። ፊቱን የሚያዞር እንባው እንዳይታይበት የፈራ ነው።"

"ሁለቱም ሊሆን ይችላል።"

"'ሁለቱም' የሚል ምርጫ የለም።"

"ነገ ክፍል ውስጥ እንከራከራለን" አለ መምህሩ ተነስቶ። ፊቱ ቀልቷል። "ማስረጃሽን ጽፈሽ ነይ።"

"እጽፋለሁ። ሌላም አለኝ።"

ከሄደ በኋላ ፋኖሱን አጠገቧ አቀረብኩላት። መጻፍ ጀመረች። ስለ ፎቶውም፣ ስለ ፓስፖርቱም አልጠየቅኋት። ብጠይቃት ታስታውሰዋለች ብዬ ፈርቼ።

ክርክሩ ያን ሳምንት አላለቀም። በቀጣዩም። እሷ ማስረጃ ይዛ ትሄዳለች፣ እሱ ሌላ ይዞ ይጠብቃታል፣ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሏል አሉ። ዘሀራ "ማን አሸነፈ?" ብላ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እኔ ማንም እንዲያሸንፍ አልፈልግም። ፈሪ ሴት ነኝ፣ ግን ይህንን አንድ ነገር ፊቴን ሳላዞር እናገራለሁ፦ ያ ክርክር ሳያልቅ ልጄ ስምንተኛን ታልፋለች፣ ዘጠነኛን ትጀምራለች። የሚቃወም ካለ መጀመሪያ እኔን መጥቶ ይጠይቀኝ።